አውግስጦስ ቄሣርና የገንዘቡ መልክ

አውግስጦስ ቄሣርን እኛ ተማሪዎች አስቀድመን ያወቅነው በሉቃስ ወንጌል ውስጥ ሕዝብ ይቈጠር ብሎ በማዘዙ ነው። ነገር ግን እንዴት ሊታይ ይወድ እንደ ነበረ አብልጦ የሚያስረዳን ያሠራው ገንዘብ ነው።

በልጅነቱ ኦክታቪዮስ ይባል የነበረው ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት በሮማ ተወለደ። በ44 ዓመት ዩልዮስ ቄሣር ሲገደል በኑዛዜው ልጁ አድርጎት ተገኘ። ዕድሜውም እንደ እኛ 18 ዓመት ነበረ። ምክር ቤቱ ዩልዮስን ከአማልክት ስለ ቈጠረው፣ ወጣቱ በገንዘቡ ላይ የአምላክ ልጅ ተብሎ አስጻፈ።

በ30 ዓመት ግብጽን ከያዘ በኋላ በዲናሩ ላይ አዞ አስቀረጸ፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ድሉን ይረዳ ነበርና። በ27 ዓመት አውግስጦስ ተባለ። በ20 ዓመትም የጳርቴ ንጉሥ ቀድሞ ከሮማውያን የማረከውን የጦር ዓርማ በስምምነት መለሰለት። ጦርነት አልተደረገም፤ በዲናሩ ላይ ግን አንድ የጳርቴ ሰው ተንበርክኮ ዓርማውን ሲያስረክብ ይታያል።

አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ14 ዓመት፣ 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሞተ። በገንዘቡ ላይ ያለው ፊት ግን እስከ መጨረሻው የጐልማሳ ፊት ነበረ።

በጥፍር በምታህል ብር ላይ ይህን ሁሉ የቀረጹትን ሰዎች ጥበብ እናደንቃለን። ሆኖም የተቀረጸውን ሁሉ ከማመናችን በፊት ያስቀረጸው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።