ለሞቱት ይቅርታ የጻፈው፣ ልጁን ግን ይቅር ያላለው ደራሲ

ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም። ባርኔጣውን፣ ከዘራውን፣ ያቺን ቁርጥ ያለች ጺሙን። የሚስቱን አባት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሰውየው ዩጂን ኦኒል ይባላል። በተውኔት ሥራው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ብቸኛው አሜሪካዊ ነው። ልጁ ኡና ቻፕሊንን ካገባችበት ቀን ጀምሮ ግን እስኪሞት ድረስ ዓይኗን አላየም። እንዴት እዚህ ደረሰ? ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዩጂን የተወለደው በ1888 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ዛሬ ታይምስ ስኩዌር በሚባለው አካባቢ በነበረ ሆቴል ነው። አባቱ ጄምስ በልጅነቱ ከአየርላንድ የተሰደደ ዝነኛ ተዋናይ ነበር። በሞንቴ ክሪስቶ ድራማ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጫውቷል። ብሩ ጥሩ ነበር። ሰውየው ግን ድህነትን ከመፍራቱ የተነሳ ሌላ ነገር ሳይሞክር እዚያው ቀረ።

ቤተሰቡ ከከተማ ከተማ፣ ከሆቴል ሆቴል ይዞራል። ዩጂን ከመወለዱ በፊት እናቱ ኤላ ባሏን ተከትላ ሄዳ ሳለ፣ ኤድመንድ የተባለው ሕፃን ልጇ በኩፍኝ ሞተባት። በሽታው የተላለፈበት ከታላቅ ወንድሙ ከጄሚ ነበር። ጄሚ ራሱ ገና ትንሽ ልጅ ነው። ኤላ ግን ጥፋቱን በራሷም በእሱም ላይ አደረገች።

ዩጂንን ስትወልድ ደግሞ ሕመሙ ጸናባትና ሞርፊን ተሰጣት። በዚያው ሱስ ሆነባት። ዩጂን ጉዱን ያወቀው በ14 ዓመቱ ነው። እናቱ አንድ ምሽት መድኃኒቱ አልቆባት ራሷን ወንዝ ውስጥ ልትጥል ከቤት ስትወጣ ያኔ ሁሉም ነገር ተነገረው። እስቲ አስቡት፤ የእናትህ ስቃይ የጀመረው አንተ በመወለድህ መሆኑን መስማት።

ከዚያ በኋላ ልጁ ልጅ አልሆነም። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። አገባና ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ወርቅ ፍለጋ ሆንዱራስ ሄደ። መርከበኛ ሆኖ አርጀንቲና ድረስ ተጓዘ፣ ወደብ ለወደብ እየጠጣ ተንከራተተ። በ1912 ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ በተከራያት ክፍል ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ጓደኞቹ ደርሰው አተረፉት። በዚያው ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ያዘው።

የሚገርመው ያዳነው ይሄ በሽታ ነው። ኮኔቲከት ውስጥ ባለ የሕሙማን ማገገሚያ ለወራት ሲተኛ መጠጥ የለም፣ መንከራተት የለም፣ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው። የስዊድናዊውን የስትሪንድበርግን ተውኔቶች እዚያ አነበበ። ሲወጣ ምን መሆን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

በ1916 የመጀመሪያ ተውኔቱ ፕሮቪንስታውን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ታየ። ታሪኩ መርከብ ላይ እያጣጣረ ስላለ ተራ መርከበኛ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው በአሜሪካ መድረክ ላይ እምብዛም አይታይም ነበር። ኦኒል መርከበኛውን፣ ሰካራሙን፣ ሴተኛ አዳሪዋን ይዞ መጣ። በ1920 በጻፈው ‹ንጉሠ ነገሥት ጆንስ› ደግሞ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጥቁሩ ተዋናይ ቻርልስ ጊልፒን ተጫወተው። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሙ ሲወጣ ቤተሰቡ አለቀ። አባቱ በ1920፣ እናቱ በ1922፣ በመጠጥ የተጎዳው ጄሚ በ1923 ሞቱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቱም። በ1936 የኖቤል ሽልማት ሲሸለምም ስቶክሆልም መሄድ አልቻለም፤ ሜዳሊያውን የተቀበለው ሆስፒታል ተኝቶ ነው።

ከ1939 እስከ 1941 ካሊፎርኒያ ባለው ቤቱ በሩን ዘግቶ አንድ ተውኔት ጻፈ፤ ‹ረጅሙ የቀን ጉዞ ወደ ሌሊት›። በ1912 ክረምት የዋለ አንድ ቀን ነው። ድህነት የሚፈራው አባት፣ ሞርፊን ላይ ያለችው እናት፣ ሰካራሙ ወንድም፣ ሳንባው የታመመው ታናሽ ልጅ፣ ሁሉም አሉ። ማንም ጨካኝ አይደለም፤ ሁሉም ተጎድቶ ነው የሚጎዳው። ሚስቱ ካርሎታ እንደተናገረችው፣ ከጽሕፈት ክፍሉ ሲወጣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በተውኔቱ ውስጥ የሞተው ሕፃን ስም ዩጂን ነው። በሕይወት ያለው ደግሞ ኤድመንድ። ስማቸውን ቀያይሮታል። ሞቱን ለራሱ ወስዶ ሕይወቱን ለወንድሙ ሰጠው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ርኅራኄ ለሞቱት ነው። በሕይወት ላሉትስ?

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ኦኒል አባት መሆን አልቻለበትም። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ የተወለደውን የመጀመሪያ ልጁን ለዓመታት አላየውም። ከሁለተኛዋ ሚስቱ የወለዳቸውን ሼንንና ኡናን ደግሞ ገና ልጆች ሳሉ ትቷቸው ከካርሎታ ጋር ሄደ። በ1943 የ18 ዓመቷ ኡና የ54 ዓመቱን ቻፕሊንን አገባች። ኦኒልም ያኔ 54 ዓመቱ ነበር። ልጁ የእሱን እኩያ ማግባቷን አልቻለውም፤ ከውርሱም ከሕይወቱም አወጣት።

በዚያው ሰሞን እጁ በመንቀጥቀጥ በሽታ እርሳስ መያዝ አቃተው። እየተናገረ ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ተሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ አዲስ ተውኔት አልጻፈም። በ1950 የመጀመሪያ ልጁ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ሼን ሄሮይን ውስጥ ገባ፤ እሱም ከውርስ ተነቀለ። የአያትየው ሱስ በልጅ ልጇ ተመለሰ።

ኦኒል በኅዳር 1953 ቦስተን ውስጥ ሞተ። ሆቴል ተወልዶ ሆቴል ሞተ። ያን ተውኔት ከሞተ 25 ዓመት ሳይሞላ ማንም እንዳያወጣው ብሎ ነበር፤ ካርሎታ ግን በ1956 አሳተመችው። በሚቀጥለው ዓመት አራተኛውን የፑሊትዘር ሽልማት አመጣለት። ዛሬም በዓለም መድረኮች ላይ ይታያል።

ኡናስ? ከቻፕሊን ጋር እስከ ሞቱ ድረስ ኖረች፤ ስምንት ልጆችም ወለዱ። አምስተኛው የተወለደው በነሐሴ 1953፣ አባቷ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው ነው።

ስሙን ዩጂን አለችው።