ያልተቀበረ መክሊት፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ለወጣቶች ያለው ትምህርት



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከቁጥር 14 እስከ 30 የተጻፈውን የመክሊት ምሳሌ ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ አንድ ጌታ አገልጋዮቹን ጠርቶ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱም አንድ መክሊት ሰጠ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ይህን ምሳሌ ስናነብ ብዙ ጊዜ ልባችን የሚሳበው አምስት ወደ ተቀበለው ነው። ነገር ግን ምሳሌው በረጅሙ የሚናገረው አንድ ብቻ ስለ ተቀበለው ሰው ነው። ከእኛም አብዛኞቻችን ራሳችንን የምንቆጥረው ከእርሱ ወገን ነው። ድምፄ አያምርም፥ ትምህርቴ አልገፋም፥ ዘመድ የለኝም፥ እኔ ለእግዚአብሔር ቤት ምን እጠቅማለሁ እያለ የሚቀመጥ ወጣት ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ብዙ ነገር የተነጠቀውን፥ በእጁ የቀረችውን አንዲት መክሊት ግን ያልቀበረውን የአንድ የአገራችን ሰው ሕይወት እንመለከታለን። እኚህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባርነት ወደ ነጻነት

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ገና አራት ዓመት ገደማ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። ከዚያም በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ሕፃኑን ከእናቱ ለይተው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ከምዕራብና ከደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ልጆች ተነጥቀው ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይነዱ ነበር። ይህም ልጅ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ይህም ስም አንድ ቀን እውነት ሆነ።

በ1870 በምጽዋ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር ልጁን ከባርነት ነጻ አወጣው። ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በተባለው ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረና በዚያ ገብቶ ተማረ። ትምህርትም ያዘ። መጋቢት 31 ቀን 1872፥ በትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ።

ይህ ስም ከወዴት እንደ መጣ ለማወቅ የፊልሞናን መልእክት ማንበብ ያስፈልጋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የተባለው ሰው ከጌታው ከፊልሞና ቤት የወጣ ባሪያ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ይህ ሰው በክርስቶስ አመነ። ጳውሎስም ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ጻፈለት። ስሙ በግሪክ ቋንቋ ጠቃሚ ማለት ነው፤ ሐዋርያውም በዚሁ ትርጉም አስታኮ፥ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለሁለቱም እንደሚጠቅም ያስረዳል። እንግዲህ በምጽዋ ገበያ በብር የተተመነው ልጅ፥ በጥምቀቱ ቀን የተቀበለው ስም የባሪያ ሳይሆን የወንድም ስም ነበር።

የመክሊቱን ምሳሌ ለሚያጠና ሰው እዚህ ላይ የሚታሰብ ነገር አለ። ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ጌታው ጨካኝ ነው ብሎ ስላሰበ ነው። ኦኔሲሞስ ግን ጨካኝ ጌቶችን በእርግጥ ያዩ ነበሩ። ጌታ የሚባል ሁሉ ይህን ይመስላል ብለው ልባቸውን ቢዘጉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን የሸጧቸውን ጌቶችና መክሊት በአደራ የሚሰጠውን ጌታ ለይተው አወቁ። የአገልግሎታቸው ሁሉ ሥር ይህ ነው።

የተዘጉ በሮች

ሚስዮኑ ኦኔሲሞስን ወደ ስዊድን ልኮ በስቶክሆልም በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት ከ1876 እስከ 1881 አስተማራቸው። ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። የልባቸው ምኞት አንድ ነበር፤ ወደ ተነጠቁበት አገር ተመልሰው ለወገኖቻቸው ወንጌልን መንገር።

ምኞት ግን መንገድ አይደለም። በ1881 ከጓደኞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። ጉዞው አሶሳ አካባቢ ሲደርስ ወደፊት መሄድ አልተቻለም፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦኔሲሞስም በጠና ታመሙ። በሚያዝያ 1882 እንደ ምንም ብለው ካርቱም ሲደርሱ የማህዲ ዐመፅ ተነሥቶ ምድሪቱ ታውካ ነበር። ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ወደ እምኩሉ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ1886 ሁለተኛ ሞከሩ። በዚህኛው ጊዜ እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ እንዲመለሱ አዘዙ። በሩ ዳግመኛ ተዘጋ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ከቁጥር 6 ጀምሮ ይህን የመሰለ ታሪክ እናነባለን። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያም ሊገቡ ሲሞክሩ አልተፈቀደላቸውም። የተከለከሉት ክፉ ነገር ሊያደርጉ ወጥተው አይደለም፤ ወንጌልን ሊሰብኩ ነው። ሆኖም ሁለቱ በሮች የተዘጉት ሦስተኛው በር፥ የመቄዶንያ በር፥ ሊከፈት ስለ ሆነ ነው። ኦኔሲሞስም እንዲሁ ሆነባቸው። እግራቸው ወለጋ መድረስ ባይችል፥ ከእግራቸው በፊት የሚደርስ ነገር ሊያዘጋጁ ተቀመጡ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ በኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። ቀጥለውም ትልቁን ሥራ፥ የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም ጀመሩ።

የጎደለው ቃል

ሥራው እንደ ተጀመረ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ኦኔሲሞስ ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁት በልጅነታቸው ነው። የሕፃን ኦሮምኛ ያውቃሉ፤ የሽማግሌ፥ የዳኛ፥ የገበሬና የባለ ቅኔ ኦሮምኛ ግን የሚሰሙበት ዕድል አላገኙም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ርቆ በስደት ያደገ ሰው፥ ሙሴና ኢሳይያስ የተናገሩትን በምን ቃል ይተርጉም? ባሪያ ፈንጋዮቹ የወሰዱባቸው እናታቸውን ብቻ አልነበረም፤ ከእናታቸው ሊማሩት የሚገባቸውን ቋንቋም ወስደውባቸው ነበር። አንዲቷም መክሊት ጎዶሎ ሆና ተገኘች።

ይህን ጎዶሎ የሞላችው ሌላ ከባርነት የወጣች ወጣት ናት። አስቴር ጋኖ በ1886 ወደ የመን ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ ኢጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ አወጧት፤ እርሷም በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አስቴር በአገሯ በቂ ዘመን ስለ ኖረች ቋንቋውን አጥልቃ ታውቅ ነበር። ተረቱን፥ ምሳሌውን፥ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች፤ ለመዝገበ ቃላትም ብዙ ሺህ ቃላት ሰበሰበች። ኦኔሲሞስም ባለ ትምህርት ነኝ፥ ከወጣት ሴት ልጅ ምን እማራለሁ ሳይሉ ከእርሷ ጋር አብረው ሠሩ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴር ስም አልተጻፈም። ይህን መሸፈን አይገባንም። ኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ድርሻዋ እንደሚገባው እንዳልተነገረላት ጽፈዋል። እኛም ከዚህ ሁለት ነገር እንማር፤ አብረውን የደከሙትን ስም መጥራት እንዳንረሳ፥ ስማችን ባይጠራም ደግሞ ሥራችንን እንዳንተው። በምሳሌው ውስጥ ሒሳቡን የሚቆጣጠረው ጌታው ራሱ ነውና።

ወደ አገር መመለስ

በ1904 ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ጋር በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ለመመለስ መጀመሪያ ከተነሡ 23 ዓመት፥ ከባርነት ነጻ ከወጡ 34 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተነጥቀው የሄዱት እንደ ሸቀጥ ነው፤ ሲመለሱ ግን መጽሐፍ ተሸክመው ነበር። በነቀምቴ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው ሕፃናትን በኦሮምኛ ያስተምሩ ጀመር።

ነገር ግን መከራው አላለቀም። በ1906 ስለ ትምህርታቸው ተከስሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ጉዳዩን ተመልክተው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ዳሩ ግን እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ለስብከት ዕድሜ ልኩን የተዘጋጀ ሰው አፉን እንዲዘጋ ሲታዘዝ ምን ያድርግ? ኦኔሲሞስ አላመፁም፥ አልሸሹምም። ማስተማር አልተከለከለምና ፊደል አስተማሩ። አሥር ዓመት እንዲህ ሆነው ቆዩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው። ከዚያም ጀምሮ ሰኔ 21 ቀን 1931 እስከ ሞቱበት ድረስ ሳያቋርጡ አገለገሉ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከቁጥር 26 እስከ 29 ጌታችን ስለ አንድ ዘሪ ይናገራል። ዘሪው ዘርቶ ይተኛል፥ ይነሣል፤ ዘሩ ግን እንዴት እንደሚያድግ እርሱ ሳያውቅ ይበቅላል። እነዚያ አሥር ዓመታት የዚህ ምሳሌ ዓመታት ናቸው። ስብከቱ ቢቆምም፥ ማንበብ የተማረው ሕፃን ቤቱ ገብቶ መጽሐፉን ለእናቱና ለአባቱ ያነብላቸው ዘንድ ተችሎታል። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ ካሏት ሥሮች አንዱ ይኸው የእነ ኦኔሲሞስ ሥራ ነው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

1ኛ/ የመክሊት ማነስ ለመቅበር ምክንያት አይሆንም። ኦኔሲሞስ በእጃቸው የቀረው ግማሹ የተረሳ የእናት ቋንቋ ነበር። እርሱንም አወጡት፥ ነገዱበት፥ አተረፉበት። ጌታው ሁለት መክሊት ያተረፈውንና አምስት ያተረፈውን በእኩል ቃል እንዳመሰገነ ምሳሌውን ደግመን ብናነብ እናያለን። የተመሰገነው ብዛቱ ሳይሆን ታማኝነቱ ነው።

2ኛ/ የጎደለንን ከሌላው እንቀበል። መክሊታችን ከጎረቤታችን መክሊት ጋር ሲገናኝ ይበዛል። በመዘምራን ክፍላችንና በጥናት ክፍላችን ከእኛ የሚያንስ ከሚመስለን ሰው የምንማረው ነገር እንዳለ አንርሳ። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 ቁጥር 9 ከአንድ ሁለት እንደሚሻሉ የሚነግረን ስለዚህ ነው።

3ኛ/ በር ሲዘጋ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ፈተና የወደቀ፥ ሥራ ያጣ፥ የፈለገው አገልግሎት የተከለከለ ወጣት ዛሬ ምን አልተከለከልኩም ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መንገዱ ለኦኔሲሞስ ቢከፈትላቸው ኖሮ በ1881 ወለጋ የሚገቡት ያለ መጽሐፍ ነበር። መንገዱ ስለ ተዘጋ ትርጉሙ ተሠራ።

4ኛ/ ቂም መክሊትን የሚቀብር ዶማ ነው። ዮሴፍ የሸጡትን ወንድሞቹን በዘፍጥረት ምዕራፍ 50 እንዴት እንደ ተቀበላቸው እናውቃለን። ኦኔሲሞስም የተሸጡባትን ምድር ረግመው በሰው አገር ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚሰጧትን ይዘው ተመለሱላት።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚመጣው ሳምንት ማቴዎስ 25ን እና የፊልሞናን መልእክት በየቤታችን ካነበብን በኋላ በወረቀት ላይ አንድ ነገር እንጻፍ፦ ጌታ የሰጠኝ፥ እኔ ግን የቀበርኩት ምንድን ነው? መልሱ ማንበብ ማስተማር ሊሆን ይችላል፤ የታመመን መጠየቅ ሊሆን ይችላል፤ ለአያት የተረሳን የእናት ቋንቋ መማርም ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ ጥልቅ ቢሆንም መክሊቱ አይበሰብስም፤ ዛሬም ቆፍረን ልናወጣው እንችላለን።

ታማኝ ሆነው የተገኙትን ወደ ደስታው የሚያስገባ ጌታ፥ ጥቂቷን በታማኝነት እንድንጠብቅ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።