የጆ ሉዊስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ማለዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይመለስም። ስለዚህም በእኛ በመገናኛ ሠፈር የስፖርት ጀግና ሲነሣ የሚጠራው ስም የሯጭ ስም ነው፤ የአበበ ቢቂላን ታሪክ የማያውቅ ተማሪም የለም። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍለት የወደድሁት ሰው ሯጭም ኢትዮጵያዊም አይደለም፤ ቡጢኛ ነው። አገራችን በጭንቅ ላይ በነበረችበት በ1927 ዓ.ም. የዚህ ሰው ቡጢና የኢትዮጵያ ስም በባዕድ ከተማ በአንድነት ይነሡ ነበር። እርሱም ጆ ሉዊስ ነው።

ሙሉ ስሙ ጆ ሉዊስ ባሮ ይባላል። የተወለደው ግንቦት 5 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአላባማ ክፍለ ግዛት ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው)። ወላጆቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ድኾች ሲሆኑ፣ ከዘር ማንዘሩም በባርነት የኖሩ ነበሩ። አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል ስለ ገባ፣ ስምንት ልጆች የማሳደግ ሸክም በእናቱ ላይ ወደቀ። በኋላም እናቱ ሌላ ባል አግብታ፣ በ1918 ዓ.ም. ገደማ ቤተ ሰቡ አውቶሞቢል ወደሚሠራባት ወደ ዲትሮይት ከተማ ተሰደደ።

እናቱ ልጅዋ ቫዮሊን እንዲማር ፈልጋ ገንዘብ ትሰጠው ነበር። ልጁ ግን ገንዘቡን ቡጢ ለሚያስተምሩበት ቤት ይከፍል ነበር ይባላል፤ ጓንቱንም በቫዮሊኑ ማኅደር ውስጥ ይደብቅ ነበር የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ማታለል መምህሮቻችን እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩ ይህ ነው። ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ደጋግሞ ወድቆ ተሸነፈ። ቢሆንም አልቀረም፤ በሰኔ ወር 1926 ዓ.ም. ቡጢን መተዳደሪያው አድርጎ ያዘው።

በዚያን ጊዜ ለጥቁር ሰው የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና መንገዱ የተዘጋ ነበር። ከእርሱ በፊት ጃክ ጆንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሻምፒዮን ሆኖ ስለ ነበር፣ ነጮቹ በእርሱ እጅግ ተቈጥተው ሌላ ጥቁር ወደዚያ ማዕርግ እንዳይደርስ ለብዙ ዓመታት ከለከሉ። ስለዚህ የጆ ሉዊስ አስተዳዳሪዎች ጥብቅ ሕግ አወጡለት፤ ይኸውም ነጭ ተጋጣሚውን ከጣለ በኋላ ደስታውን በፊቱ እንዳያሳይ ነበር። ጥሎ አለመሣቅ! እኔ ይህ ከቡጢው ይልቅ የከበደው ይመስለኛል።

አሁን ወደ 1927 ዓ.ም. ልመለስ። በኅዳር 26 ቀን በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ፣ ኢጣልያ ሠራዊትዋን በመርከብ እየጫነች ወደ ኤርትራና ወደ ሶማልያ ታጓጉዝ ጀመር። የአሜሪካ ጥቁሮችም ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡ፣ ሰልፍ ያደርጉ ነበር፤ ከመካከላቸውም ጆን ሮቢንሰን የተባለው አውሮፕላን ነጂ እስከ አዲስ አበባ መጥቶ አገልግሎናል። ልክ በዚህ ሰዓት ጆ ሉዊስ ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር እንዲጋጠም ተወሰነ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ ሙሶሊኒም የፋሺስት ኀይል ምልክት አድርጎ የሚመካበት ኢጣልያዊ ነበር። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር፣ ክብደቱም 118 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ጆ ሉዊስ ግን 89 ኪሎ ብቻ ነበር።

ግጥሚያው ሰኔ 18 ቀን በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ተደረገ። የመጣው ተመልካች 60,000 ያህል ነበር። የከተማው ሹማምንት ጥቁሮችና ኢጣልያውያን እንዳይጣሉ ፈርተው ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ፖሊስ አሰለፉ፤ ሕዝቡ ሁለቱን ሰዎች ኢትዮጵያና ኢጣልያ አድርጎ ይመለከታቸው ነበርና። ጆ ሉዊስ በመጀመሪያ የግዙፉን ሰው ሆድና ጎን እየመታ አደከመው፤ በስድስተኛው ዙር ደጋግሞ ጣለውና ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። በዚያች ሌሊት ጥቁሮች በሚኖሩበት በሐርለም ሠፈር ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ።

ሆኖም ቡጢ ጦርነትን አያስቀርም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ወረረችን፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ይህ በሆነ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ጆ ሉዊስም በጀርመናዊው በማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ጥፋቱ የራሱ ነበር፤ ልምምዱን ትቶ ጎልፍ ይጫወት ነበር። ሽሜሊንግ ግን ጆ ሉዊስ በግራ እጁ ከመታ በኋላ እጁን ዝቅ እንደሚያደርግ አስቀድሞ አጥንቶ ስለ ነበር፣ በቀኝ እጁ ያለማቋረጥ መታው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በቺካጎ ጄምስ ብራዶክን በስምንተኛው ዙር ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ልክ በዓመቱ ከሽሜሊንግ ጋር እንደ ገና ሲገናኙ፣ ግጥሚያው የፈጀው 124 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሂትለር የሽሜሊንግን ስም ለፕሮፓጋንዳ ቢጠቀምበትም፣ ሽሜሊንግ ራሱ ናዚ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ሁለት የአይሁድ ልጆችን በክፍሉ ደብቆ አድኗል።

ጆ ሉዊስ ማዕርጉን 11 ዓመት ከ8 ወር ይዞ፣ 25 ጊዜ ተፈትኖ ሳይነጠቅ ጠበቀው። በከባድ ሚዛን ይህን ያሻሻለ እስከ ዛሬ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፤ በሁለት ግጥሚያ ያገኘውንም ገንዘብ ለባሕር ኀይልና ለምድር ጦር መርጃ ሰጠ። የሚያሳዝነው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ለአገሩ ከሰጠው ከዚያው ገንዘብ እንኳ ግብር ጠየቀው፤ ዕዳውም ከነወለዱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በየካቲት 1941 ዓ.ም. ቡጢን ትቶ የነበረው ሰው ዕዳውን ለመክፈል ሲል ተመለሰ፤ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ፣ በጥቅምት 1944 ዓ.ም. ደግሞ በሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ማርሲያኖ ከኢጣልያ የመጡ ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ ከድሉ በኋላ ወደ ጆ ሉዊስ ክፍል ገብቶ አለቀሰ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ለገንዘብ ትግል እስከ መታገል ደረሰ። በመጨረሻም በላስ ቬጋስ ከተማ በአንድ ሆቴል እንግዳ እየተቀበለ ይኖር ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ሞተ፤ በፕሬዚዳንት ሬገን ልዩ ፈቃድም በአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ተቀበረ። የቀብሩን ወጪ ከከፈሉት አንዱ፣ በኋላ ዘመን ወዳጁ የሆነው ማክስ ሽሜሊንግ ነበር።