ሃርቬይ ኩሺንግና የአንጎል ዕጢ

በጣራ ገዳምና በደብረ ታቦር ደጋ አንድ ሰው ለወራት ራሱን ሲፈልጠው፤ ጧት ጧት ሲያስመልሰውና ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ፤ ዘመድ ብዙውን ጊዜ ምች ነው፤ ቡዳ ነው ይላል፡፡ የአንጎል ዕጢ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው፡፡ ስለዚህ ውድ ባልንጀሮቻችን የዚህን በሽታ ሕክምና ሥርዓት ያስያዘውን ሰው ታሪክ እንድታውቁልን እንወዳለን፡፡

ሃርቬይ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ፤ በክሊቭላንድ ከተማ ከሐኪሞች ቤተ ሰብ ተወለደ፡፡ በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ ማደንዘዣ የሰጠው በሽተኛ ሞተበት፡፡ እርሱ ግን ትምህርቱን አልተወም፤ ከጓደኛው ከኮድማን ጋር ሆኖ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የበሽተኛውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በወረቀት መመዝገብ ጀመረ፡፡ በ1895 ተመረቀ፡፡ በ1901 የደም ግፊት መለኪያን ኢጣሊያ አይቶ ወደ አገሩ ወሰደ፡፡

በዚያ ዘመን ለዕጢ ብሎ የራስ ቅል መክፈት ከሞት ጋር መተናነቅ ነበር፤ ዕጢው ያለበት ቦታ አይታይም፤ ደሙም በቀላሉ አይቆምም፡፡ ኩሺንግ ቦታውን ከዓይን መጥበብና ከእጅ እግር መስነፍ እየተነሣ ይፈልግ ነበር፡፡ ደሙን ለማቆም በ1911 ትንንሽ የብር መቆንጠጫዎችን፤ በ1926 ደግሞ ከቦቪ ጋር የኤሌክትሪክ መቁረጫን ሥራ ላይ አዋለ፡፡ በዚያው ዓመት ከቤይሊ ጋር ግሊዮማ የሚባሉትን ዕጢዎች በሴሎቻቸው መልክ ለያይቶ፤ ከየዓይነቱ ጋር በሽተኛው ምን ያህል እንደሚኖር አስተያየ፡፡ በረዳቶቹ ላይ ቁጡ ነበር፤ በሽተኞቹን ግን ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላም በደብዳቤ ይከታተላቸው ነበር፡፡ በ1931 የተረጋገጠ ዕጢ ያገኘባቸው በሽተኞች ሁለት ሺሕ ሞሉ፡፡ በ1939 ሲሞት አስከሬኑ ቢመረመር፤ በራሱ አንጎል ውስጥ ትንሽ የዕጢ ከረጢት ተገኘ፡፡

የብዙዎቹ የአንጎል ዕጢዎች መነሻ ዛሬም አልታወቀም፤ በርግጥ የሚታወቁት ኃይለኛ ጨረርና አንዳንድ በዘር የሚወረሱ ሕመሞች ናቸው፡፡ ቦታውን ማግኘት ግን በሲቲ ስካንና በኤም.አር.አይ. ቀሏል፡፡ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም ከ2006 ጀምሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፡፡

እንግዲህ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ራሱን የሚፈልጠው ዘመድ ብናገኝ ጸበሉን ይተው አንልም፤ ጸበሉንም ይጠመቅ፤ ሐኪም ቤትም ይሂድ፡፡ ዕጢ ቀን አይሰጥም፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ዓይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፡፡