ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ፦ የጽናትና የምሕረት አባት

ቤተ ክርስቲያን ጥር 6 ቀን የምታስበው ታላቁ ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በቀጰዶቅያ ተወለደ። በአቴና ተምሮ መነነ፤ በ370 የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የአርዮስን ወገን የሚደግፈው ንጉሥ ዋሌንስ በሹሙ በሞዴስጦስ አማካይነት በውርስ፣ በግዞትና በሞት ቢያስፈራራውም ከሃይማኖቱ አልተናወጠም። ለድውያንና ለድሆችም ታላቅ መጠጊያ አቆመ።

ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው ቀኖና፣ ፅንስን ሆን ብሎ ማጥፋት፣ ቅርጽ ያዘ አልያዘ ሳይባል፣ ነፍስ መግደል መሆኑን ደነገገ፤ የማስወረጃ መድኃኒት የሚሰጡትንም አብሮ ኰነነ። ሆኖም የንስሐን በር አልዘጋም፤ ቀኖናውን ዕድሜ ልክ ሳይሆን ዐሥር ዓመት አደረገ፤ ከዘመኑም ርዝመት ይልቅ የልብን መመለስ መዘነ።

በ379 ዐረፈ። ላልተወለደው እየተሟገተ ለተጸጸተችውም የራራ ይህ አባት፣ በዓሉን ለምናከብር ሁሉ አርአያችን ነው።