ሲድኒ ፓርኪንሰን፦ የኢንዴቨር መርከብ የዕፅዋት ሠዓሊ ሕይወትና ሥራ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንኖች የባሕር ዳርቻን መልክና የወደብን መግቢያ በሥዕል መመዝገብ የሙያቸው አካል ነበር። እንደ ዊልያም ብላይና ጆርጅ ቶቢን ያሉ መኮንኖች ደግሞ ከዚህ አልፈው የሩቅ አገር ፍጥረታትንና መልክዓ ምድርን በውሃ ቀለም ሥለዋል። ይሁን እንጂ ለሥነ ዕፅዋት ማስረጃ የሚሆን ሥዕል የአበባን ክፍሎች ለይቶና ቆጥሮ ማሳየት ስላለበት ለዚሁ የሠለጠነ እጅ ይሻል። በካፒቴን ጄምስ ኩክ የመጀመሪያ የፓስፊክ ጉዞ ይህን ሥራ የተሸከመው የባሕር ኃይል ባልደረባ ያልነበረው ወጣቱ ሲድኒ ፓርኪንሰን ነው።

ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1745 ገደማ በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጆኤል ቢራ ጠማቂ ነበር። በወጣትነቱ በሱፍ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ለሙያ ቢገባም ዝንባሌው ወደ ሥዕል በመሆኑ ወደ ለንደን አቀና። በዚያም ባለጸጋው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ሥራውን ተመልክቶ ከሲሎን የመጡ ሥዕሎችን እንዲገለብጥ ቀጠረው። ባንክስ ከሊኔየስ ደቀ መዝሙር ከዳንኤል ሶላንደር ጋር በኢንዴቨር መርከብ ለመጓዝ በተነሣ ጊዜም ፓርኪንሰንን በዓመት 80 ፓውንድ ደመወዝ ይዞት ሄደ። መርከቢቱ ከፕሊመዝ ወደብ የተነሣችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1768 ነው።

በዕቅዱ መሠረት የፓርኪንሰን ድርሻ ዕፅዋትንና እንስሳትን መሣል ሲሆን፣ የመልክዓ ምድርና የሰዎች ሥዕል የአሌክሳንደር ቡካን ኃላፊነት ነበር። ነገር ግን ቡካን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1769 መርከቢቱ ታሂቲ በደረሰች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። የባንክስ ጸሐፊ ኸርማን ስፖሪንግ በሥዕል ቢያግዝም የሥራው ከባድ ሸክም በፓርኪንሰን ላይ ወደቀ። የታሂቲ ዝንቦችም የውሃ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ይበሉበት ስለነበር ሠዓሊው በአጎበር ተከልሎ ለመሥራት ተገደደ።

ወደ አውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ በደረሱ ጊዜ የሚሰበሰበው የዕፅዋት ብዛት ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሆነ። የተቀነጠሰ አበባ ደግሞ ሠዓሊውን አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ፓርኪንሰን ለዚህ ችግር ያበጀው መፍትሔ የአሠራሩ ዋና መለያ ሆኗል። የእያንዳንዱን ተክል ቅርጽ በእርሳስ ከነደፈ በኋላ አንድ ቅጠልና አንድ አበባ ብቻ ቀለም ይቀባል፤ የቀረውን ቀለም በወረቀቱ ጀርባ በጽሑፍ ያስቀምጣል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1770 የአውስትራሊያን ዳርቻ ከረገጡ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ 94 ንድፎችን ሠርቷል። ንድፎቹን ረጋ ብሎ በእንግሊዝ ለመጨረስ አስቦ ነበር።

ይህ ግን አልሆነለትም። መርከቢቱ ለጥገና በቆመችባት በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ወባና የደም ተቅማጥ በባሕረኞቹ መካከል ተስፋፋ። ጉዞው ከቀጠለ በኋላ ስፖሪንግ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሞተ፤ ፓርኪንሰንም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1771 በደም ተቅማጥ ተከተለው። ዕድሜው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ከተዋቸው ከ900 በላይ የዕፅዋት ሥዕሎች የተጠናቀቁት ሲሶ እንኳ አይሞሉም።

ከሞቱ በኋላ የድካሙ ባለቤትነት አከራካሪ ሆነ። ወንድሙ ስታንፊልድ የሟቹ ወረቀቶችና ንብረት በአግባቡ አልተመለሱም ብሎ ባንክስን ከሰሰ። ባንክስ በበኩሉ ሥራው በእርሱ ደመወዝ የተሠራ እንደሆነ ያምን ነበር፤ ሆኖም ለቤተሰቡ 500 ፓውንድ ከፈለ። የፓርኪንሰን የጉዞ ማስታወሻም በፍርድ ቤት እግድ ዘግይቶ፣ የጉዞው ይፋዊ ታሪክ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1773 ታተመ።

ባንክስ ያልተጠናቀቁትን ንድፎች በሌሎች ሠዓሊዎች አስጨርሶ፣ 18 ቀራጮች ከ700 በላይ የመዳብ ሰሌዳዎች እንዲያዘጋጁ አደረገ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1820 እስከሞተበት ጊዜ መጽሐፉን አላሳተመም። ከአውስትራሊያ ዕፅዋት የተወሰኑት እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1905 ያለ ቀለም ታተሙ፤ ሙሉው ስብስብ በቀለም የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ነው። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይህ ረጅም ሂደት በሥዕሎቹ ለሚጠቀም ተመራማሪ ቁም ነገር ያዘለ ጥያቄ ይተዋል። ለንደን ተቀምጠው ሥራውን የፈጸሙት ሠዓሊዎች ተክሉን በሕይወቱ አላዩትም። ከፊታቸው የነበረው ቀለሙ የደበዘዘ ደረቅ ናሙና፣ የፓርኪንሰን ንድፍና አጭር የቀለም ማስታወሻ ነው። ስለሆነም በተጠናቀቀው ሥዕል ውስጥ በዓይን የታየው ከኋላ በግምት ከተሞላው ጋር ተቀላቅሏል። ሁለቱን ለመለየት ወደ መጀመሪያው ወረቀት መመለስና ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከሥዕልነት አንጻር ሲታይ ጎደሎ የሆነው ንድፍ ከማስረጃነት አንጻር ከተዋበው ኅትመት ይልቅ የታመነ ነው፤ በላዩ ላይ ያለችው አንዲት ባለቀለም ቅጠል ተክሉ በሕይወት ሳለ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ያየውን ትመሰክራለችና።