አብርሃም ሉዊ ብሬጌ፤ ሰዓትን ከነታሪኩ ያስረከበ ባለሙያ

በመቀሌ ከተማ የሚሠራ አንድ ሰዓት ሠሪ፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ውድ ክሮኖግራፍ ለእድሳት ቀርቦለት የጀርባ ክዳኑን ቢከፍት፣ በማጉያ መነጽሩ ከሚያያቸው ነገሮች ቢያንስ ሁለቱ ካረፈ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የአንድ ሰው አሳብ ናቸው። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ሚዛን የሚገዛው እንደ ጸጉር የቀጠነ ሞላ፣ የውጪ ጫፉ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ መካከል የታጠፈ ከሆነ፣ ያ እጥፋት እስከ ዛሬ በዚያ ሰው ስም ይጠራል። ሰዓቱ ከእጅ አምልጦ መሬት ሲመታ የሚዛኑ ቀጭን ዘንግ እንዳይሰበር የሚከላከለው መሣሪያም የመጀመሪያ አባቱ እርሱ ነው። ይህ ሰው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ይባላል።

ይሁን እንጂ የብሬጌ ስም ሊነሣ የሚገባው በፈጠራዎቹ ብቻ አይደለም። ሰዓት ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ ሳይሆን፣ በየዘመኑ እየተከፈተ፣ እየታጠበና እየታደሰ የሚኖር አደራ መሆኑን በሕይወቱና በመዝገቡ ያሳየ ባለሙያ በመሆኑም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሬጌ የተወለደው ዛሬ በስዊትዘርላንድ ውስጥ በምትገኘው በኑሻቴል ከተማ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1747 ነው። ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ከሰዓት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ስላገባች፣ የእንጀራ አባቱ ልጁን ወደ ሙያው አስገባው። በ1762 ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ በቬርሳይ ከተማ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ለተለማማጅነት ገባ። ቀን ቀን በወረንጦና በሞረድ ሲደክም ውሎ፣ ማታ ማታ በፓሪስ በማዛረን ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ይከታተል ነበር። የእጅ ጥበብና የሒሳብ ዕውቀት በአንድ ሰው ዘንድ መገናኘታቸው ኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ1775 ትዳር መሥርቶ፣ ፓሪስን በሚያቋርጠው በሴን ወንዝ መካከል በምትገኘው ደሴት የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሱቁ የቆመበት የወንዝ ዳርቻ፣ በአጠገቡ ባለው የቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ከተሠራው ታላቅ ሰዓት የተነሣ፣ ከጥንት ጀምሮ የሰዓቱ ዳርቻ ተብሎ የሚጠራ ነበር። በዓመቱም አንቷን ሉዊ የተባለ ልጅ ወለደ። ዳሩ ግን ሚስቱ ብዙ ሳትቆይ በወጣትነቷ ስለ ሞተችበት፣ ብሬጌ ዕድሜውን ሁሉ ለልጁና ለሥራው ሰጠ።

የሥራው ፍሬ ፈጥኖ ታየ። በ1780 ለኦርሌያን መስፍን፣ በኪስ ውስጥ ሳለ በተሸካሚው እርምጃ ራሱን የሚሞላ ሰዓት አቀረበ። በ1783 ደግሞ ሰዓቱን በድምፅ በሚናገሩት ሰዓቶች ውስጥ ትልቁን ደወል አስወግዶ፣ በቀፎው ዙሪያ በሚጠመጠም የብረት ሽቦ ተካው፤ በዚህም ሰዓቱ ቀጠነ፣ ድምፁም ጠራ። በ1790 ገደማ የሚዛኑን ዘንግ ጫፎች የሚይዙትን ዕንቁዎች በተጣጣፊ ሞላ ላይ አስቀመጣቸው። ስለዚህ መሣሪያ ሲነገር፣ ብሬጌ በስመ ጥሩው ፖለቲከኛ በታሌራን ቤት እንግዶች በተሰበሰቡበት ሰዓቱን ወለል ላይ ወርውሮ፣ ምንም ሳይሆን እንደሚሄድ አሳየ ይባላል።

በዚያው በ1783 ስሙን እስከ ዛሬ የሚያስጠራው ትእዛዝ ደረሰው። አንድ የንግሥት ማሪ አንቷኔት የክብር ዘብ መኮንን መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ የሚታወቀውን የሰዓት ጥበብ ሁሉ በአንድ ቀፎ ውስጥ የሚይዝ፣ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ በሌላ ብረት ፈንታ ወርቅ የተገባበት ሰዓት ለንግሥቲቱ እንዲሠራ አዘዘ። ለዋጋውም ለጊዜውም ወሰን አልተደረገለትም። ሰዓቱ በመዝገብ 160 ቁጥር ተሰጠው። ከብዙው ጥበቡ አንዱ፣ ባለቤቱ በፈቀደ ጊዜ የሚያስነሣውና የሚያቆመው ራሱን የቻለ የሴኮንድ ቆጣሪ መሆኑ ለክሮኖግራፍ ታሪክ ይጠቅማል።

ሥራው ሳይፈጸም በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ንግሥቲቱ በኦክቶበር 1793 በሞት ተቀጣች። ብሬጌ ለነገሥታት የሚሠራ ሰው ስለ ነበረ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ። ያዳነው ግን እንደ እርሱ የኑሻቴል አውራጃ ተወላጅ የነበረው የአብዮቱ መሪ ማራ ነበር። ከዚያ ቀደም ማራ ባለበት ቤት ደጃፍ የተቈጣ ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ብሬጌ የአሮጊት ልብስ አልብሶ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እንዳስመለጠው ይተረካል። ማራም ውለታውን ባለመርሳት የይለፍ ወረቀት አሰጠው፤ ብሬጌም በ1793 ልጁን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ተሰደደ።

ከሁለት ዓመት ስደት በኋላ በ1795 ወደ ፓሪስ ሲመለስ፣ ድርጅቱን እንደገና ማቋቋም ግድ ሆነበት። ነገር ግን ስደቱ አሳቡን አላደረቀውም። የጥምዝምዙን ሞላ የውጪ ጫፍ ወደ ላይ አንሥቶ በማጠፍ፣ ሞላው ሲጠብና ሲሰፋ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ያደረገው በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙ ሳይቆይም አንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው፣ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ ለእድሳትም የማያስቸግር ሰዓት አወጣ። ገዢው ሲያዝ የዋጋውን ሩብ አስቀድሞ ይከፍል ስለ ነበር፣ የተጎዳው ድርጅት በዚህ ገንዘብ ቆመ። በ1801 ደግሞ የመሬት ስበት በቁም በተቀመጠ ሰዓት ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት ለማካካስ፣ ሚዛኑንና አጋሮቹን በሚዞር ትንሽ ማቀፊያ ውስጥ ያስቀመጠበትን ቱርቢዮን የተባለ ፈጠራ አስመዘገበ።

ለባልንጀራ የነበረው ክብር የሚታየው በዚሁ ፈጠራ ነው። ጆን አርኖልድ የተባለው የለንደን ታላቅ ሰዓት ሠሪ ወዳጁ ነበር፤ ልጁ አንቷን ሉዊም ከእርሱ ዘንድ ተምሯል። አርኖልድ በ1799 ከሞተ በኋላ፣ ብሬጌ ከመጀመሪያዎቹ ቱርቢዮኖች አንዱን አርኖልድ ራሱ በሠራው ሰዓት ውስጥ አስገብቶ፣ መታሰቢያውን ጽፎበት በ1808 ለሟቹ ልጅ ሰጠው። የወዳጁን ሥራ አፍርሶ በራሱ አልተካውም፤ በውስጡ የራሱን አክሎ፣ የማን ምን እንደ ሆነ አስታወቀ እንጂ። ያ ሰዓት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ክሮኖግራፍ በአንድ ቀፎ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት መሣሪያዎች ማለት ነው። አንደኛው ዘወትር የሚሄደው ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁልፉ ሲጫን ከሰዓቱ ኃይል ተበድሮ ሴኮንድ የሚቆጥር፣ እንደገና ሲጫን የሚቆም ነው። ሉዊ ሟኔ በ1816 ለሥነ ፈለክ ጥናት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠራ፤ ሪዩሴክ በ1821 በፓሪስ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ በቀለም ጠብታ ጊዜን የሚያመለክት መሣሪያ ሞከረ፤ በ1822 ደግሞ የብሬጌ ደቀ መዝሙር የነበረው ፋቶን በቀለም የሚያመለክት ክሮኖግራፍ አስመዘገበ። ብሬጌም ራሱ በ1820 አካባቢ ሁለት የሴኮንድ ቆጣሪዎች ያሉት ሰዓት ሠርቶ ነበር። ቆጣሪውን ከቆመበት ወደ ዜሮ የምትመልሰው የልብ ቅርጽ ያላት ብረት የመጣችው ግን ከእርሱ ሞት በኋላ፣ በ1844 አዶልፍ ኒኮል ባስመዘገበው ፈጠራ ነው።

ብሬጌ በ1815 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሰዓት ሠሪ፣ በ1816 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በቤቱ ለሚሠሩት ወጣቶች የነበረው ርኅራኄም ይነገርለታል፤ የሠራተኛው ሒሳብ በዜሮ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ለዜሮው ጭራ ቀጥሎ ዘጠኝ ያደርገው ነበር ይባላል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1823 በሰባ ስድስት ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የቀረው ትልቁ ሀብት መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት በቁጥሩ ለማን እንደ ተሸጠ፣ ኋላም ለእድሳት ሲመለስ ምን እንደ ተደረገለት ይጻፍ ነበር። የናፖሊ ንግሥት ካሮሊን በ1810 ያዘዙት፣ በ1812 የተፈጸመው 2639 ቁጥር ሰዓት፣ በእጅ አንጓ ላይ እንዲታሰር ታስቦ መሠራቱ ከታወቁት ሰዓቶች የመጀመሪያው ነው። ሰዓቱ ራሱ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። መኖሩና መልኩ የታወቀው ከትእዛዙ መዝገብና በ1849 እና በ1855 ለጥገና በገባ ጊዜ ከተጻፈው ነው። ጠጋኙ ያን ጊዜ ብዕሩን ባያነሣ ኖሮ፣ ያ ሥራ እንዳልተሠራ ሆኖ ይቀር ነበር።

የማሪ አንቷኔት ሰዓት ደግሞ በልጁ ዘመን በ1827 ተፈጸመ፤ ከታዘዘ አርባ አራት ዓመት፣ ንግሥቲቱ ከሞቱ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ብሬጌ ከሞተ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1838 ደ ላ ግሯ የተባሉ መኳንንት ለእድሳት አስገቡትና ሳይወስዱት ሞቱ፤ ወራሽም አልነበራቸውም። ድርጅቱ ግን ሰዓቱን እስከ 1887 በአደራ አስቀመጠው። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በኢየሩሳሌም ሙዚየም ሳለ፣ በኤፕሪል 1983 ከመቶ ከሚበልጡ ሌሎች ሰዓቶች ጋር ተሰረቀ። ሳይገኝ ከሃያ ዓመት በላይ በመቆየቱ፣ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ከቀድሞ ጽሑፎችና ሥዕሎች ተነሥቶ አምሳያውን ሠርቶ በ2008 አቀረበ። ዋናውም ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ተገኝቶ ወደ ሙዚየሙ ተመለሰ።

እንግዲህ ክሮኖግራፍ ለማደስ የሚቀመጥ ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ነገር በእጁ ያለ ነው። አስቀድሞ የዋናውን ሞላ ኃይል ማላቀቅ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ ማስቀመጥ፣ ክፍሎቹን ማጠብ፣ ዘይትን በሚገባው ቦታ በነጥብ ማድረግ፤ የሴኮንድ ቆጣሪውን መዘውሮች ጥርሶች ግን ዘይት አለማስነካት፣ ዘይቱ አቧራ ይይዛልና። ቀፎውን እንዲያንጸባርቅ ብሎ አብዝቶ መሞረድ የሠሪውን ጠርዝና ጽሕፈት ያጠፋል፤ የጠፋውንም የሚመልሰው የለም። የተለወጠ ክፍል ቢኖር አሮጌውን ለባለቤቱ መመለስ፣ የተሠራውንም ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል።

መቀሌ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በጦርነት ውስጥ ያለፈች፣ ባንክና ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦባት የከረመች ከተማ ናት። እንዲህ ባለው ዘመን ለእድሳት የተሰጠ ሰዓት ባለቤቱን ሊያጣ፣ ደረሰኙም ሊጠፋ ይችላል። የሟች አባት መታሰቢያ የሆነውን ሰዓት ፍለጋ አንድ ቀን ልጅ ቢመጣ፣ ማን እንደ ሰጠውና ምን እንደ ተደረገለት የሚናገረው ጠጋኙ በደብተሩ የጻፈው መስመር ብቻ ነው። በብሬጌ ቤት ለደ ላ ግሯ ሰዓት ወደ አርባ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀው አደራም ይኸው ነበር።